ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የምንልከው ለምንድን ነው?



ልጆቻችንን የምናሳድገው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። ጠዋት ቢጫው አውቶቡስ ይወስዳቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ይመልሳቸዋል። እኛ ባልና ሚስት በፈረቃ ሥራ ስንባክን፣ ያለ ክፍያ የሚያስተምርልን በማግኘታችን አልሐምዱሊላህ ከማለት በቀር ሌላ አላሰብንም ነበር።

አንድ ማታ የአምስተኛ ክፍል ልጃችን የሒሳብ ውጤቷን ስታሳየን "ጎበዝ! ዶክተር ትሆኛለሽ" አልናት። "ዶክተር መሆን ባልፈልግስ? የምማረው ለምንድን ነው?" ስትለን ግን እርስ በርስ ከመተያየት በቀር መልስ አላገኘንም።

ለካስ ይህ የአገሩም የቆየ ክርክር ኖሯል! እ.ኤ.አ. በ1837 የማሳቹሴትስ የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ የሆነው ሆራስ ማን፣ የሀብታምና የድኻ ልጅ አብረው ተምረው መልካም ዜጋ እንዲሆኑ የሕዝብ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል ብሎ ተከራከረ። በ1983 የወጣው "አደጋ ላይ ያለች አገር" የተሰኘ የመንግሥት ኮሚሽን ሪፖርት ደግሞ ትኩረቱ አሜሪካ በዓለም ገበያ እንዳትበለጥ ነበር። በ2002 የጸደቀው ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ የንባብና የሒሳብ ፈተና እንዲሰጥ አዘዘ። አንዱ ዜጋ፣ ሌላው ሠራተኛ፣ ሌላው ውጤት ይፈልጋል። ወላጅስ ምን ይፈልጋል?

ወላጅ መብት እንዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተናግሯል። በ1925 ሕፃናት ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲማሩ የሚያስገድደውን የኦሪገን ሕግ ውድቅ አደረገ። በ2025ም በዚሁ በሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ወላጆች ከእምነታቸው የሚጋጩ የተረት መጻሕፍት ሲነበቡ ልጆቻቸው ከክፍል እንዲወጡ ያቀረቡትን ጥያቄ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዲከበርላቸው ወሰነ።

ፍርዱን ሰምተን ተደሰትን። ደስታው ሲበርድ ግን ራሳችንን ጠየቅን፤ መብቱ የእኛ ከሆነ ጊዜያችንን የት አደረስነው? በሳምንት ውስጥ ከልጃችን ጋር ተቀምጠን ያወራንበትን ሰዓት ብንቆጥር አንድ እንኳ አልሞላም። ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን ተርቢያውንም በአውቶቡሱ ጭነን ልከነው ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ልናስወጣት አሰብን። የኢስላማዊ ትምህርት ቤት ክፍያ ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ ቤት እንዳናስተምራት ሁለታችንም ሠራተኞች ነን። በመጨረሻ እዚያው ትማር ብለን፣ ከእኛ አንዳችን የማታውን ፈረቃ ተወ። የቤት ኪራዩ ከብዶናል፤ አልዋሽንም። ነገር ግን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልኩ ተዘግቶ አብረን እንቀመጣለን። "ስንት አገኘሽ?" ማለቱን ትተን "ምን ተማርሽ? ማንን ረዳሽ?" እንላታለን።

ባለፈው ሰሞን እንግሊዝኛ የማትችል አዲስ ተማሪ ብቻዋን ምሳ ስትበላ አይታ አጠገቧ እንደተቀመጠች ነገረችን። የዚያን ዕለት የፈተና ውጤቷን መጠየቅም ረሳን።

ትምህርት ቤቱ ፊደልና ቁጥር ያስተምርልን፤ ምስጋናችን አይቋረጥም። ሰው የማድረጉ አማና ግን የእኛ ነው። አላህ ለዚህ አማና የምንበቃ ያድርገን። አሚን።