የፈሰሰን ማን ያፍሰዋል?



እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ «ዲፕዎተር ሆራይዘን» የተባለው የነዳጅ ቁፋሮ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ጉድጓዱ እስኪዘጋም 87 ቀን ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ባሕሩ ተፋ።

ጁላይ ላይ «ኤ ዌል» የምትባል መርከብ ለሙከራ ቀረበች። ስሟ ዓሣ ነባሪ ማለት ነው፤ ርዝመቷም ከ300 ሜትር ይበልጣል። ነዳጅና ማዕድን ለመጫን የተሠራች ብትሆንም፣ የፈሰሰውን እንድትለቅም ከፊቷ ግራና ቀኝ 12 መግቢያዎች ተከፈቱላት። ባለቤቶቿ በቀን እስከ 500,000 በርሜል ነዳጅ የተቀላቀለበት ውኃ ትስባለች አሉ። ሲሞከር ግን ጋኗ ውስጥ የተገኘው ነዳጅ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ነዳጁ በሰፊው ባሕር ላይ ሳስቶ ተበታትኖ ነበርና።

በእኛ ግቢ የሚፈሰው ወሬ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ስለ አንዲት እህታችን ያልተጣራ ነገር በቴሌግራም ተጻፈ። ከዙህር እስከ ዐስር ባለው ጊዜ ዶርሙን ሁሉ አዳረሰ። ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ማስተካከያ ተለጠፈ፤ ግን ወሬውን ያነበበ ሁሉ ማስተካከያውን አላነበበም። እህታችን እስከ ዛሬ ወደ ሐለቃ አልተመለሰችም። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

የሌላ መርከብ ታሪክ እንጨምር። ሰሓቦች ወደ ሐበሻ በተሻገሩበት በቀይ ባሕር፣ የመን ዳርቻ ላይ «ሴፈር» የምትባል አሮጌ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ እንደያዘች ያለ ጥገና ለዓመታት ቆማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ። ሥራው የፈጀው 18 ቀን ገደማ ነው። ነዳጁ ገና አንድ ቦታ ተሰብስቦ ነበርና ባሕሩ ተረፈ።

ወሬም አንድ ስልክ ላይ ሳለ እንዲሁ ነው። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናል። ስለዚህ የሰው ክብር የሚነካ መልእክት ሲደርሰን ላኪውን «ከየት ሰማኸው?» እንበለው። መልስ ከሌለው እኛ ዘንድ ይቁም። እህታችንንም በፖስት ሳይሆን ዶርሟ ድረስ በእግራችን ሄደን፣ አጠገቧ ተቀምጠን ወደ ሐለቃ እንጥራት።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን። አሚን።