“ጥሩ ነው” ከሚሉን ይሰውረን

ነገሩ የመጣው በቮልስ ነው። ታላቅ ወንድሜ አምና ሲያርፍ ግቢው ውስጥ ትቷት የሄደው አንዲት ውሃ ሰማያዊ፣ ስልሳ ስምንት ሞዴል ቮልስ ነበረች። ባለቤቱ ለወራት ሸፍና አስቀመጠቻትና በመጨረሻ፣ “መሸጧ ነው፤ ቆማ ከምትዝግ አንዱ ይንዳት። ደላላው ፎቶ ካልላካችሁ አልንቀሳቀስም ብሏልና አንተ አንሳልኝ” አለችኝ። ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ደወለች። “አጎቴ፣ ከመሸጧ በፊት ለእኔም አንድ ጥሩ ፎቶ። ግድግዳዬ ላይ የምሰቅለው።”

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዷ ለገበያ፣ አንዷ ለትዝታ። የሁለቱም ዕዳ በእኔ ስልክ ላይ ወደቀ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ምስል፣ ስለ አንጻር ስንት ሰዓት አውርቻለሁ! “አንዲት ቮልስ ፎቶ ማንሳት ምን ያቅተኛል?” ብዬ በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አፍንጫዋ ሥር ቆሜ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጫንኩት።

ከዚያ ማሳየት ጀመርኩ። ሦስቱ የቡና ጓደኞቼ ስልኩን ተቀባበሉ። አንዱ “ጥሩ ነው” አለ፤ ሁለተኛው “ምንም አይልም” አለ፤ ሦስተኛው “ታምራለች” አለ፣ ዓይኑ ግን ማኪያቶው ላይ ነበር። አንድ የድሮ ባልደረባዬ፣ “ይሄ ምኑ ፎቶ ነው? አይረባም!” አለኝ። ተቀየምኩት። ደላላው በሦስተኛው ቀን ሁለት ቃል ጻፈልኝ፤ “ሌላ ይላኩ።” የወንድሜ ልጅም፣ “አመሰግናለሁ አጎቴ” ብላ ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመረች።

እናላችሁ፣ ስድስት ሰው ጠይቄ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ አንድም አልነበረም። “ጥሩ ነው” ያለኝም፣ “አይረባም” ያለኝም ያው ናቸው። ሁለቱም ከቆምኩበት አንዲት እርምጃ አላንቀሳቀሱኝም።

ያንቀሳቀሰኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። መኪና እያጠበ ያደገ፣ አሁን ለመኪና ሻጮች ፎቶ እያነሳ ቤተሰቡን የሚረዳ የሃያ ምናምን ዓመት ጎረምሳ። “ጋሼ፣ እስቲ ያሳዩኝ” አለ። ዝም ብሎ አየ፣ አየና፣ “የመረጡት ጎን ትክክል ነው፤ ፊቷም ጎኗም አንድ ላይ ይታያል” አለኝ። “ግን ጋሼ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ማን ነው?”

ጠጋ ብዬ ባይ፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰ ሰው ስልክ ይዞ በሩ ቀለም ውስጥ ቆሟል። ራሴ ነኝ!

“መኪና መስታወት ናት” አለኝ። “ጥቁር ነገር ይልበሱ። ከማንሳትዎ በፊት ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ምን እንዳለ ይዩ። ከኋላዎ ልብስ ተሰጥቶ ከሆነ እሱም ፎቶው ውስጥ ይገባል።”

“በቃ አንተው አንሳልኝና ልገላገል።”

“የለም ጋሼ፤ እርስዎ ያንሱ፣ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።”

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተገናኘን። ባትሪዋ ሞቶ ነበርና ገፍተን ወደ መንገዱ አወጣናት። ሰዓቱን የመረጠው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ገደማ ነውና የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ጣሪያውንና ኮፈኑን ታነጣለች፣ ከወገብ በታች ያለውን ታጨልማለች። “ቮልስ ክብ ናት” አለኝ፤ “ክብነቷን የሚያወጣው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው።”

ከዚያ አንድ በአንድ ሄደ። አንድ ነገር ይናገራል፣ አነሳለሁ፣ አብረን እናያለን፤ ከዚያ ወደ ሌላው። መጀመሪያ፣ “አምስት እርምጃ ወደኋላ ይሂዱና በስልኩ ሁለት እጥፍ ያቅርቧት” አለኝ። ከቅርብ ሲነሳ ለካሜራው የቀረበው ያብጣል፣ የራቀው ይኮማተራል። የእኔዋ ቮልስ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጯ ያበጠው ለካ ለዚህ ኖሯል! ቀጥሎ አንበረከከኝ። ስልኩን ከፊት መብራቷ ትክክል ሳደርገው፣ ከላይ ስትታይ አሻንጉሊት የምትመስለው መኪና ቁመና አገኘች። ቀጥሎ መሪው። የቆምነው ከፊት፣ በሾፌሩ በር በኩል ስለነበር መሪውን ወደ ቀኝ አስጠመዘዘኝ፤ ቸርኬው ወደ እኛ ዞረ። አንድ የመብራት ምሰሶም ከጣሪያዋ ላይ በቅሎ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስሄድ ተነቀለ። በመጨረሻ፣ “ከፊቷ ትንሽ ቦታ ይተዉላት፤ ታፈነች እኮ” አለኝ።

ይህን ስሰማ አፈርኩ። በፈረንጆቹ 1959 አሜሪካ ውስጥ ለቮልስ የወጣው ዝነኛ ማስታወቂያ ገጹን አብዛኛውን ባዶ ትቶ መኪናዋን በትንሹ ጥግ ላይ ነው ያስቀመጣት። ክፍል ውስጥ ስንቴ ምሳሌ አድርጌዋለሁ! ማወቅና በእጅ መሥራት ለየቅል ናቸው።

“የተጎዳችበትንም ቦታ ለብቻው ያንሱ” አለኝ ስንለያይ። “ገዢው መጥቶ ራሱ ካገኘው ከዋጋው ብቻ ሳይሆን ከእምነቱም ይቀንሳል።” እሱን እንኳ አልሰማሁትም። ማን ጉዱን ራሱ ያሳያል?

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ተማሪዬ አጭር ልቦለድ ጽፋ ቢሮዬ ድረስ አመጣችልኝ። ለማርክ አይደለም፣ በራሷ ፍላጎት። በቀይ እስክሪብቶ “ሕይወት የለውም” ብዬ መለስኩላት። ወረቀቱን አየችና፣ “የቱ ጋ ነው መምህር?” አለችኝ። “በአጠቃላይ” አልኳት። “እሺ” ብላ ወጣች። ሁለተኛ ጽሑፍ ይዛ አልመጣችም። ያኔ፣ “ትችት የማይችል አይጻፍ” ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ለካስ የጠየቀችኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። መልሱን ያላወቅኩት እኔ ነኝ። እንደገና አንብቤ የቱ ጋ እንደሞተ ለማሳየት ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ “ሕይወት የለውም” ለማለት ግን ግማሽ ደቂቃ። ስንፍናዬን ጥብቅነት ብዬ ስጠራው ኖሬያለሁ።

እኛ ዘንድ አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው፤ ፊት ለፊት ሙገሳ፣ ከጀርባ ሐሜት። ይሉኝታው አንዱን ያናግረናል፣ ሆዳችን ሌላውን። መሐል ላይ ያለውን፣ አጠገብ ቆሞ “ትንሽ ወደ ግራ” የሚለውን፣ ስንቶቻችን እንችልበታለን?

አዲሶቹን ፎቶዎች ላክኋቸው። ደላላው “አሁን ገና!” አለ። የወንድሜ ልጅ ደወለች። “አጎቴ፣ ቆንጆ ሆናለች… ግን ቀኝ ፓራፋንጎዋ ላይ ያለችው ጎድጓዳ የለችም።” ጎድጓዳዋ የእሷ ሥራ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ እያለች በብስክሌት ገጭታት፣ አባቷ “አላስጠግናትም፤ የልጄ ፊርማ ናት” ብሎ ትቷታል።

በበነጋው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በቀኝ በኩል ተንበረከክሁ። በቀትር ፎቶዬ ላይ ብፈልግ የማላገኛት ጎድጓዳ፣ ከጎን በመጣው ብርሃን ጥላ ይዛ ቁልጭ አለች። ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጆቹ 2003 የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ ከእነዚህ መኪኖች ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። የወንድሜ የምትታወቀው በዚያች ጎድጓዳ ነው። ፎቶውን ለሁለቱም ላክሁ። ገዢው ጎድጓዳዋን አስቀድሞ አይቷት መጣ፤ በእሷ ሰበብ አልተከራከረም። ሜሪላንድ የተሰቀለችውም እሷው ናት።

ተማሪዬ አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ይህን ካነበብሽ ግን፣ ያቺ ልቦለድ እጅሽ ላይ ካለች፣ አምጪያት። ዘግይቻለሁ፤ የቱ ጋ እንደሆነ አብረን እናያለን።