ስለ አናሎግ ሲንተሳይዘር አመራረጥ

ለሰው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች መካከል ቀላል መስሎ ከባድ የሆነው «ከእነዚህ የትኛውን ትፈልጋለህ?» የሚለው ነው። ምንም የሌለው ሰው ያገኘውን በደስታ ይቀበላል፤ አንዱን ብቻ ምረጥ የተባለ ግን ከሚወስደው ይልቅ የሚተወውን እያሰበ ይጨነቃል። በዚህ ዓመት እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። በአሜሪካ የምትኖረው አክስቴ የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ስፈጽም ሲንተሳይዘር የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ይዛልኝ ለመምጣት ቃል ገባች፤ ዳሩ ግን «አንድ ብቻ ነው፤ ከመጣ በኋላ መለወጥ ስለማይቻል አስበህ ምረጥ» አለችኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ እኔም ሳልቸኩል ሦስት ወር ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። ያገኘሁት ሐሳብ ሙዚቃ ለሚወዱ ጓደኞቼ ሳይጠቅም አይቀርም፤ ወላጆችም «ይህ ባለ ብዙ ማዞሪያ ሣጥን ለምን ይረባል?» ብለው መጠየቃቸው ስለማይቀር ጉዳዩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነውና በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ልናገር። ሲንተሳይዘር ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። አናሎግ የሚባለው ዓይነት ድምፁን የሚያወጣው ቍጥር እያሰላ አይደለም፤ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ራሱ ከፍና ዝቅ እያለ የድምፁን ሞገድ ይሠራል። በ1964 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሮበርት ሞግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከሙዚቃ ደራሲው ከኸርበርት ዶይች ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የሞግ ሲንተሳይዘር ሠራ። በዚህ አሠራር አንድ ቮልት በተጨመረ ቍጥር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ቮልት እዚህ ላይ ዜማ ይሆናል ማለት ነው። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ግን ሽቦው የበዛ፥ እንደ ቁም ሣጥን የገዘፈ ነበር። በ1970 ሚኒሞግ የሚባለው በወጣ ጊዜ ሙዚቀኛው ተሸክሞ ወደ መድረክ ሊወጣ ቻለ። በ1978 የወጣው ፕሮፌት-5 አምስት ድምፅ ባንድ ጊዜ ከማሰማቱም በላይ፥ ተጫዋቹ ያበጀውን ድምፅ በማስታወሻው ይዞ ለሌላ ቀን ያቈይ ነበር። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ7 የሚባለው ዲጂታል መሣሪያ መጣና ብዙዎች አናሎጉን እንደ አሮጌ ዕቃ ቈጠሩት። በእኛ ዘመን ደግሞ ተመልሶ ተወደደ፤ ዋጋውም በአንዳንዱ ዓይነት ላይ ቀነሰ።

መሣሪያው ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የዋሊያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ካሴት ሲያሳትም፥ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አስማምቶ የአገሩን ዜማ ተጫውቶበታል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የታክሲ ሾፌር ሆኖ ሲሠራ ኪቦርዱን በመኪናው ይዞ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። ያም ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰማ።

አሠራሩንም በአገራችን መሣሪያዎች ምሳሌነት ላስረዳ። በሲንተሳይዘር ውስጥ ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል፤ ይህም እንደ ማሲንቆው የፈረስ ጭራ ነው። ከኦሲሌተሩ የሚወጣው ድምፅ ሻካራና ብዙ ድምፅ በውስጡ የያዘ ሊሆን ይችላል። የበገናን ድምፅ የሰማ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለው ቍራጭ ቆዳ ድምፁን የሚያስነዝረው በዚሁ ዓይነት ነው። ቀጥሎ ፊልተር የሚባለው ማጣሪያ አለ። ማዞሪያው ወደ ግራ ሲዞር ሻካራው ይቀነስና ድምፁ እንደ ዋሽንት ይለሰልሳል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር እንደገና ይነዝራል። በመጨረሻም ድምፁ እንዴት ተነሥቶ እንዴት እንደሚጠፋ የሚወስን ክፍል አለ፤ እንደ ክራር ቶሎ ተመቶ እንዲሞት፥ ወይም ደጋን እንደሚስበው ማሲንቆ እንዲረዝም ማድረግ ይቻላል። ይህ ከታወቀ መሣሪያውን ለመምረጥ የሚቀሩት ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ድምፅ ወይስ ብዙ ድምፅ የሚለው ነው። በ2016 የወጣው ኮርግ ሚኒሎግ አራት ድምፅ ባንድነት ያሰማል፤ 37 ቁልፎችም አሉት። እኅቴ በመዝሙር ጓድ ስለምትዘምር «አራት ድምፅ ያለውን አምጣ፤ ለመዝሙር ማጀቢያ ይሆነናል» ብላ ብዙ ለመነችኝ። ልመናዋ ምክንያት የሌለው አልነበረም። ባለ አንድ ድምፁ ግን ሁለት ቁልፍ ባንድ ጊዜ ቢነኩ አንዱን ብቻ ይሰማል። ይህ ጉድለት ቢመስልም ማሲንቆም ያለው አንድ ጭራ ነው፤ ሆኖም በአንድ ጭራ ሰውን ያስለቅሳል። ደግሞም ዌንዲ ካርሎስ በ1968 የባክን ሥራዎች በሞግ ተጫውታ ስታሳትም፥ መሣሪያው ባንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር እያንዳንዱን መሥመር ለብቻው በቴፕ ቀድታ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባዋለች። ትዕግሥት ያለው ሰው ከአንድ ድምፅ ብዙ ድምፅ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ማስታወሻ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ሚኒሞግና እርሱን አስመስለው የተሠሩ ትንንሽ ሣጥኖች ድምፃቸው እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ማስታወሻ ስለሌላቸው ዛሬ ያበጀኸውን ድምፅ ነገ ለማግኘት የማዞሪያዎቹን ቦታ ሁሉ በወረቀት መጻፍ ያሻል። ለመማር ግን ይህ ጥሩ ነው፤ እጅ ራሱ ያስታውሳልና።

ሦስተኛው ጥያቄ የመብራት ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፥ የእኛ 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ከዚያ የሚመጣ ዕቃ የኃይል መስጫው ሁለቱንም የሚችል መሆኑ አስቀድሞ ካልተመረመረ ሊቃጠል ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ደግሞ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ ዋጋው ከፍ ይላል። በ2013 የወጡት የኮርግ ቮልካዎች በስድስት ድንጋይ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን ቁልፎቻቸው በጣት የሚዳሰሱ ትንንሽ ሥዕሎች እንጂ የሚጫኑ አይደሉምና ለእኔ እጅ አልተስማሙኝም።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው፤ ይኸውም የቅኝት ጥያቄ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ደጋኑን ሊይዙ አይችሉም፤ ድምፃቸው ግን ገና ያምራል። አንድ ቀን በተዋስሁት ኪቦርድ ላጅባቸው ጀመርሁ። በትዝታ ተስማማን፤ ወደ አንቺሆዬ በገባን ጊዜ ግን አቋርጠው ዝም አሉ። «አባባ፥ ምነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ይህ ዕቃ ድምፁ ሸጋ ነው፤ ነገር ግን አንቺሆዬን አያውቃትም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል እርምጃዎች ይከፍላል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን በአምስት ድምፆች የሚቆሙ፥ ባለሙያው በጆሮው የሚቃኛቸው ስለ ሆኑ ርቀታቸው ከእነዚያ እርምጃዎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጥቂት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲያንሸራትት የሚያገኘውን ድምፅ ኪቦርዱ በሁለት ቁልፎች መካከል ቀብሮ ይተወዋል። ስለዚህ ዜማችንን በዚህ ዓይነት ኪቦርድ ብቻ እየሰማን ካደግን፥ ጆሯችን ቀስ በቀስ የአያቶቻችንን ቅኝት እንደ ስሕተት ይቈጥረዋል ብዬ እፈራለሁ።

በዚህ ምክንያት ፍለጋዬን ወደ ቅኝት አዞርሁ። በ2016 መጨረሻ ይፋ የሆነው ኮርግ ሞኖሎግ የሚባለው መሣሪያ ተጠቃሚው የየድምፁን ከፍታ በጥቂት በጥቂቱ እየለወጠ የራሱን ቅኝት እንዲሠራበት ሆኖ ተዘጋጅቷል። መሣሪያው ሲዘጋጅ አፌክስ ትዊን በሚባል ስም የታወቀው ሙዚቀኛ ሪቻርድ ጄምስ ኩባንያውን አማክሯል። ሞኖሎግ አንድ ድምፅ፥ ሁለት ኦሲሌተርና 25 ትንንሽ ቁልፎች አሉት፤ 100 ድምፆችን በማስታወሻው ይይዛል፤ በስድስት የባትሪ ድንጋይም ይሠራል። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ስለማይሞላ በአክስቴ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እንደ ማሲንቆ የሚያንሸራትት ማስተካከያም አለው። ስለዚህ እኔ የመረጥሁት ይህን ነው። ለእኅቴም የመዝሙሩን መሥመሮች አንድ በአንድ እየቀዳሁ ለመደረብ ቃል ገብቼላታለሁ፤ እርስዋም ጥቂት ካኰረፈች በኋላ ተቀብላኛለች።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «በስልክና በኮምፒዩተር ሁሉም በነጻ እየተገኘ ለምን ገንዘብ ታስወጣለህ?» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራውን ድምፅ ከእውነተኛው አናሎግ ለይቶ ማወቅ ለብዙ ሰው ጆሮ አስቸጋሪ ነው፤ ቅኝትንም በኮምፒዩተር መለወጥ ይቻላል። ገንዘብ የሌለው ተማሪ በዚያ ቢጀምር መልካም ያደርጋል እላለሁ። ነገር ግን በስልክ ላይ ድምፅ ፍለጋ ስጀምር መልእክቱም፥ ጨዋታውም፥ ወሬውም እየጠራኝ ሰዓቱ ያልፋል። ባለ ማዞሪያው ሣጥን ግን ከሙዚቃ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ከዚህም በላይ አያቴ ስክሪን አይመለከቱም፤ ማዞሪያ ግን ማዞር ያውቃሉ። እኔ ቁልፉን ስይዝ እርሳቸው ማዞሪያውን እያዞሩ «እዚህ ላይ ነው፥ እዚህ ላይ!» ሊሉኝ ይችላሉ። አንቺሆዬን የሚቃኝልኝ የእርሳቸው ጆሮ ነው፤ ዕድሜያቸው ደግሞ ሰማንያ አልፏልና ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።

ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፥ እንግዲህ እንደዚህ ያለ ዕቃ ለመምረጥ የምታስቡ ብትኖሩ፥ የሌላውን ሰው ምስጋና ወይም የዕቃውን ስም አትከተሉ። አስቀድማችሁ ምን ልትጫወቱበት እንደምትፈልጉ ለራሳችሁ ንገሩ፤ ለማኅበር ዝማሬ የሚፈልግ ብዙ ድምፅ ያለውን፥ ለመማር የሚፈልግ ማዞሪያው የበዛውን፥ የአገሩን ዜማ የሚፈልግ ቅኝቱ የሚለወጠውን ይምረጥ። ወላጆችም ልጃችሁ ይህን ሣጥን ቢለምናችሁ ቶሎ አትከልክሉ፤ «ምን ልትሠራበት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አጥርቶ ከመለሰላችሁ ዕቃው ሥራ ፈትቶ እንደማይቀመጥ እወቁ። በየቤታችሁም ማሲንቆ ወይም ክራር የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ፥ ዕቃው እስኪመጣ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አዳምጡት።