ፈረንጁ ሠራተኛ

ደባርቅ ላይ ከመኪና የወረደ ፈረንጅ ሁሉ ቱሪስት ይመስለናል። ቱሪስት ግን ጭላዳ ፎቶ አንስቶ በሦስተኛው ቀን ይሄዳል። ሊሠራ የመጣው ሌላ ነው፤ ሽሮ ይለምዳል፣ በረካ ሳይደርስ ከቡና መነሣት ነውር መሆኑን ያውቃል፣ «ሁለት ሰዓት» ሲሉት ጠዋት እንደሆነ ይገባዋል።

ክላይቭ ኒኮልን እንውሰድ። የዌልስ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ስሜን ገብቶ፣ በ1969 በሕግ የተቋቋመውን ፓርክ በዋርደንነት መሠረቱን ሲጥል ቆየ። ሥራው ዋልያን ከጠመንጃ፣ ደኑን ከመጥረቢያ መጠበቅ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ጎልማሳ፣ አያት ቅድመ አያቱ ያረሱበትን ባላገር «ተው፣ ይህን አትቁረጥ» ሲለው! «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያላለ የስሜን ገበሬ ነበር ብላችሁ ነው? ያም ሆኖ ዋልያው ዛሬም አለ፤ ፓርኩም በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ኒኮል በበኩሉ ስለ ስሜን መጽሐፍ ጽፎ ኋላ ጃፓናዊ ሆነ።

አሁን ደግሞ ሰው አገር ሄዶ መሥራት የእኛ ተራ ነው። ከዳባት ወጥታ ቤይሩት የሰው ቤት የምትሠራ ልጅም የማታውቀውን ምግብና ሰዓት ትለምዳለች። ልዩነቱ፣ ፈረንጁ በሄደበት ያዝዛል፤ እሷ በሄደችበት ትታዘዛለች።