የጊች ስም በየትኛው ፊደል ይጻፍ?

በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የጊች አባወራዎች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ ከሰፈረበት በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ጊች ላይ ጅብራው፣ ጓሳው፣ ጭላዳውና ስሙ ቀሩ። የማወራችሁ ስለ ስሙ ነው።

የአስጎብኚ መጻሕፍት ይህን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፉት አይስማሙም፤ አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በድርብ «ኢ» ይጽፈዋል። የሳንቃበር «ቃ» «ካ» ትሆናለች። ጨነቅማ ጨውም ቅውም ይጠፋበታል። በእኛው ፊደል ግን ሦስቱም ልክ እንደምንጠራቸው ናቸው። ስለዚህ በቅሎ ለሚያከራዩ ጎረቤቶቼ ስለ መንገዶቹ ድረ ገጽ ልሠራ ስነሳ፣ አማርኛው ይቅደም አልኩ።

ይኼ ቀላል ይመስላል። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባና እያንዳንዷ ሆሄ የራሷን ቁጥር አገኘች። ቁጥር ግን መልክ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ፎንቱ ከሌለ፣ በ«ጊች» ፈንታ ሁለት ባዶ ሳጥን ይታያል። የሙያው ሰዎች ሳጥኑን ቶፉ ይሉታል፤ ከአኩሪ አተር በሚሠራው፣ አይብ በሚመስለው የእስያ ምግብ ስም። ጉግል ለዓለም ፊደላት በሙሉ ያሠራው የፎንት ቤተሰብ «ኖቶ» የተባለው «ቶፉ አይኑር» ለማለት ነው።

ከስሙ ይልቅ የገረመኝ ፈቃዱ ነው። ኮፒ ቤቶቻችን ያሉት ፎንቶች በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የዞሩ ናቸው፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው «ኒያላ» እንኳ በደጋ አጋዘናችን ስም ቢጠራም፣ እንደፈለጉ የሚያከፋፍሉት አይደለም። ኖቶ ግን ከ2015 ጀምሮ «ኦፕን ፎንት ላይሰንስ» በሚባለው ፈቃድ ነው የሚሰጠው። መጠቀም፣ ማባዛት፣ መለወጥ፣ ድረ ገጽ ላይ መጫን ይቻላል። ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን ክልክል ነው፤ ተለውጦ ሲሰራጭም በዚያው ፈቃድ ሥር ይቆያል። በፎንቱ የታተመው መጽሐፍ ወይም የተሠራው ታፔላ የባለቤቱ ነው።

ለጽሑፉ ኖቶን፣ ለርእሱ «አቢሲኒካ»ን መረጥኩ። አቢሲኒካ የብራና ጽሕፈታችንን ይትበሃል የተከተለ ነው፤ ፈቃዱም ያው ነው። የእኛ ኔትወርክ ደካማ፣ የሞባይል ካርድም ውድ ስለሆነ፣ ከፋይሉ የማያስፈልጉትን ሆሄያት ቆርጬ አቀለልኩት። እዚህ ላይ ፈቃዱ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «አቢሲኒካ» የተጠበቀ ስም ነው። ሆሄያቱን ውሰድ፣ ለውጥ፤ የለወጥከውን ግን በእኔ ስም አትጥራ ይላል።

«ጊች» ብዬ ልሰይመው አሰብኩና ከዚያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን አማከርኩ።

«ፎንት ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የፊደል መልክ ነው፣ አባባ። ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ።»

«እና ጊች ይባላል?»

«አንቱ ከፈቀዱ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «አገሩ ያለ ሰው ቀርቷል፤ ስሙ ደግሞ ያለ አገር ይዙር? ተወው። ይልቅ ስሙን ጻፍበት» አሉኝ።

ክርክር አላስፈለገኝም። ስም የባለቤቱ መሆኑን ፈቃዱም እየነገረኝ ነበር። ፋይሉን «ርእስ» አልኩት፤ የሠሪዎቹን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ሳልነካ አብሬ አስቀመጥኩ። አሁን ገጹ በአሮጌ ስልክም ሲከፈት ጊች፣ ሳንቃበር፣ ጨነቅ ሳይዛቡ ይነበባሉ። ፋይሉን የፈለገ ኮፒ ቤት ፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ ይኼኛው ሲባዛ ማንም አይደበቅም።