አራት ፕሮሰሰር የተገኘበት ኮምፒውተር

የላባችንን አሮጌ ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ እያዛወርን ነው። የንብረት መመዝገቢያዋ ፕሮግራም ግን እምቢ አለች። የፕሮሰሰሩን ስም የምታነበው ከዊንዶውስ ሬጅስትሪ ነበር፤ ሊኑክስ ላይ ሬጅስትሪ የለ! እዚህ መረጃው /ፕሮክ/ሲፒዩኢንፎ የምትባል ፋይል ውስጥ ነው፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ከፍቶ ማንበብ ነው፣ በቃ።

የ11ኛ ክፍል ልጆች ፕሮግራሟን አስተካክለው "ቲቸር፣ ይሄ አራት ፕሮሰሰር አለው!" አሉኝ። ደነገጥኩ፤ ለንብረቱ የፈረምኩት እኔ ነኛ። አራት ተብሎ ከተመዘገበ ነገ ቆጣሪ መጥቶ ከፍቶ አንድ ሲያገኝ ሦስቱን ከየት አመጣለሁ?

ለካ ፋይሉ የሚቆጥረው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚያየውን ነው። ሃይፐርትሬዲንግ ካለ አንዱ ኮር ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። "ሲፒዩ ኮርስ" የሚለው መስመር 2 ይላል። ቺፑ ራሱ አንድ ነው።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ፣ ተርሚናል ላይ ኤልኤስሲፒዩ ብላችሁ የእናንተን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ እስቲ።