ከሌሊቱ የተረፈው ሰው

ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ለተመልካች ባቀረበው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» በተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ «ዞምቢ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይነገርም። ሞተው የተነሡትንና የሰው ሥጋ የሚሹትን እነዚያን ፍጡራን በዚህ ስም የጠራቸው ኋላ የመጣው ተመልካች ነው። ቃሉ የሄይቲ ነው፤ በዚያ ዞምቢ ማለት ማንንም የማይነክስ፣ ከመቃብር ወጥቶ ያለ ነፍስ ለጌታው የሚያርስ ምስኪን ሬሳ ነበር። በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ባርነትን ያየ ሕዝብ ከሞት ይልቅ የፈራው ሞትም የማያሳርፈውን ሥራ ነው።

እኛም ለዚህ ተረት ባዕድ አይደለንም። ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ በቤቱ ያሠራዋል ሲባል በአገራችን ብዙ ተወርቷል። በዚያ ወሬ የተገፉት ግን ሙታን አልነበሩም፤ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ነበሩ። በሕይወት ያሉ፣ ማረሻችንን የሚስሉ፣ ድስታችንን የሚሠሩ ጎረቤቶች።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ቤን የሚባለው ሰው ጀግና የሚያሰኝ ማዕረግ የለውም። በፔንሲልቬንያ ገጠር በሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት መሸበት፤ ጠረጴዛ ሰብሮ፣ በር ነቅሎ፣ ምስማር ፈልጎ መስኮቶቹን ይቸነክራል። ከፊልሙ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ረጅም የመዶሻ ሥራ ነው። ብዙ ተመልካች ይሰለቸዋል ይባላል፤ ለእኔ ግን ተራ ሰው መከራ ሲመጣበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አያለቅስም፣ አይፎክርም፤ ምስማር ይፈልጋል።

በቤቱ ውስጥ ሰባት ሰዎች ተጠልለዋል። ምድር ቤት እንግባ፣ አይሆንም እላይ እንሁን በሚል ክርክር ይባላሉ፤ ከውጭው ጠላት ይልቅ ይህ ክርክር ይጎዳቸዋል። በመጨረሻ የቀረው ቤን ብቻ ነው። ነፍሱንም ያተረፈው አልገባበትም ሲል ባመሸው ምድር ቤት ነው። ሮሜሮ ስለዚህ ነገር ምንም አስተያየት አይሰጥም፤ በዚህ አደንቀዋለሁ።

ከዚያ ይነጋል። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ውሻ አስከትለው ሜዳውን እያጸዱ ይመጣሉ። ቤን ድምፃቸውን ሰምቶ ይወጣል፣ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። አንዱ አነጣጥሮ ግንባሩን ይመታዋል። ሬሳውንም ከሌሎቹ ጋር ወደሚነደው ክምር ይወስዱታል። ቤንን ሆኖ የተጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነበር፤ ሮሜሮ የመረጠው በችሎታው ብቻ እንደ ሆነ ተናግሯል። ይሁን እንጂ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት በዚያው ዓመት፣ ነጮች የተኮሱበትን ጥቁር ሰው በእሳት ዳር ተጋድሞ ያየ ተመልካች ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም።

ፊልሙን ያየሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። ርእሱ ሲለወጥ የባለቤትነት ምልክቱ ሳይጻፍበት በመቅረቱ የማንም ሀብት ሆኗልና ማግኘቱ አይቸግርም። በኮሮና ታምሜ ከሕክምና ማዕከል ከወጣሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። ሰፈራችን ክፉ ሰፈር አይደለም፤ ተኝቼ በነበረበት ጊዜ ለእናቴ እንጀራ ያቀበሏት ጎረቤቶቻችን ናቸው። የተመለስሁ ዕለት ግን ባለሱቁ ብሬን በእጁ አልተቀበለም፤ የቆርቆሮ ክዳን ገፋ አደረገልኝ። ልጆች ኳሳቸውን አቅፈው ወደየግቢያቸው ገቡ። ከበሽታው ነፃ መሆኔን የሚናገር ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለማን ይነበባል? እግሬ ገና አልጠናም ነበርና ቀስ እያልሁ፣ ሳሌን እየዋጥሁ ነበር የምራመደው። ማታ ፊልሙን ሳይ፣ በመንገዱ ዳር ከቆሙት ዐይን ምን መስዬ እንደ ነበር ተገለጠልኝ።

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ይሆናል። ቁጣዬን ያበረደው ኅዳር ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆታትን የኅዳር በሽታ በማሰብ ነው። ያን ጊዜ ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ለጅብ ተርፏል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። አልጋ ወራሽ ሲድን እልል ይባላል፤ ውሃ ቀጂው ሲድን ግን መዳኑን ራሱ ማስረዳት ይኖርበታል። በዚያ ጭስ ውስጥ ቆሜ፣ ክዳን የገፋልኝ ባለሱቅ ያደገው በዚህ ጭስ መሆኑን አሰብሁ። ፍርሃቱ ከእርሱ ይበልጥ አሮጌ ነው።

ቤን መስኮቱ ላይ ሲደርስ አልተናገረም። የሚጠይቀውም አላገኘም።

እኔን የጠየቁኝ ከአጥራችን ወዲያ ያሉት አሮጊት ናቸው። ከተመለስሁ በዐሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጥላዬን አይተው፣

«አንተ ልጅ፣ ነህ ወይ? እስቲ ድምፅህን አሰማኝ» አሉ።

«አለሁ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጥቂት ዝም አሉ። ድምፄን እየመዘኑ ነበር።

«ሰልሏል እንጂ የራስህ ነው። በል ግባ፣ ቶናው ሊቀዳ ነው።»

ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ሸብ አደረጉ። በርጩማውን ግን ወደ በሩ አልገፉትም፤ ከከሰሉ አጠገብ አስጠጉልኝ። በረካው እስኪደርስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን።